የቡቡ ላይሳኒ ሦስት ደቂቃ

ቡቡ ላይሳኒ መናገር ከጀመረች ሁለት ደቂቃ አልፏታል፤ እስካሁን ግን ገና ሰላምታ ላይ ናት።

የተሰጣት ሦስት ደቂቃ ብቻ ነው። በላፕቶፑ ስክሪን ጥግ ላይ ቀይ ቁጥር ወደ ታች ይቆጥራል። ቡቡ ቁጥሩን አታየውም፤ ብታየውም ግድ አይሰጣትም። በናቱቫላ መንደር በሸንጎ ፊት የሚናገር ሰው መጀመሪያ የምድሪቱን ስም ይጠራል፤ ከዚያ የባላባቱን ቤት፣ ከዚያ የዓሣ አጥማጆቹን ወገን፣ ከዚያ የእንግዳውን አገርና የእንግዳውን ወላጆች። ይህን ዘሎ ወደ ጉዳዩ የሚገባ ሰው ሳያንኳኳ የሰው ቤት ዘው ብሎ እንደገባ ይቆጠራል። ስልሳ ስምንት ዓመት ሙሉ በር ሥር ተቀምጣ ወንዶች ሲናገሩ የሰማች ሴት የመጀመሪያ ንግግሯን በብልግና ልትጀምር አይደለም።

አንድ ስም በተጠራ ቁጥር ሽማግሌዎቹ መዳፋቸውን ጎድጎድ አድርገው ሦስት ጊዜ ያጨበጭባሉ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ላፕቶፑ አጠገብ የተቀመጠችው ኬሌራ ጭብጨባው በተሰማ ቁጥር ትሸማቀቃለች።

ኬሌራ የቡቡ ላይሳኒ የልጅ ልጅ ናት («ቡቡ» በቋንቋቸው አያት ማለት ነው)፤ ዕድሜዋ አሥራ አራት። ዋናው ደሴት ላይ አዳሪ ትምህርት ቤት ገብታ ትማራለች፤ አሁን ለእረፍት መጥታ ነው። እንደ እሷ ኮምፒውተር የሚችል ሰው በመንደሩ ስለሌለ የመንደሩ ሹም ኤሮኒ «የማሽኑ ኃላፊ» ብለው ሾመዋታል። ማይክ የምትከፍተውና የምትዘጋው እሷ ናት። የመንደሩ ሰው ሲናገር እንዳያስተጋባ ድምፅ ማጉያውን ታጠፋና በማዳመጫ ብቻዋን ትሰማለች። ቡቡ ስትጨርስ ደግሞ ንግግሯን ወደ እንግሊዝኛ ትመልሳለች፤ የናቱቫላን ቋንቋ ከደሴቷ ውጭ የሚሰማው የለማ።

ስብሰባውን የጠራው በዋና ከተማው በሱቫ ያለው የባሕር ዳርቻ ሥራዎች ቢሮ ነው፤ ባሕሩ መንደሮቹን እንዳይበላ ሊሠራ ስላሰበው ግንብ ሰዉን ለማማከር። በፊት በፊት ባለሥልጣን በጀልባ ይመጣል፣ ከወንዶቹ ጋር ያወራል፣ ዓሣውን ይበላል፣ ይሄዳል። ዘንድሮ ግን አሥራ አንድ መንደር በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት ይሰብሰብ፣ ሴቶችም ወጣቶችም ይናገሩ የሚል ደብዳቤ መጣ። ሹም ኤሮኒ ነገሩን አክብደው ያዙት። ላፕቶፑ እንግዳ ነውና አዳራሹ ራስ ላይ አዲስ ምንጣፍ ይነጠፍለት አሉ። ካቫ የሚባለው የመጠጥ ሥር ተወቅጦ በውሃ ተበጠበጠ፤ ያለ ካቫ እንግዳ አይቀበሉም። የመጀመሪያው ጽዋ የእንግዳው ነው፤ እሺ፣ ማሽን እንዴት አድርጎ ይጠጣል? ሽማግሌዎቹ ሩብ ሰዓት ተከራከሩበት። በመጨረሻ ሹሙ ራሳቸው በማዳም ራንጂታ ስም ጠጡላት። ስብሰባውን ከሱቫ የምትመራው ማዳም ራንጂታም ደስ ብሏት አመሰገነች።

የኬሌራ ችግር ማዳም ራንጂታ አልነበረችም። ችግሩ ከስክሪኑ በስተቀኝ የሚንጋጋው የጽሑፍ መልእክት ነው። የዜግነት መምህራቸው «ስብሰባውን ተከታትላችሁ ሪፖርት ጻፉ» ብሏቸው ስለነበር ግማሹ ክፍል እያየ ነው።

«ይሄ ጧ ጧ ምንድነው? ምስማር እየመቱ ነው?» ሲል አንዱ ጻፈ።

«ሴትዮዋ መላውን ፓስፊክ ሰላም ሳትል አትተኛም!» አለ ሌላው። የሳቅ ፊቶች ተደረደሩ።

ከዚያ ለኬሌራ ብቻ የተላከ መልእክት ብቅ አለ። ከሜሬዋይ ነው። ሜሬዋይ የሱቫ ልጅ ናት፤ በመኝታ ክፍላቸው አልጋዋ ከኬሌራ አልጋ ቀጥሎ ነው፤ ኬሌራ የእሷ ጓደኛ ለመባል ዓመቱን ሙሉ ያልሆነችው የለም።

«ኬል፣ ይቺ ፋራ አሮጊት የናንተ ናት እንዴ? ሙድ እየተያዘባችሁ ነው እኮ!»

ኬሌራ ጆሮዋ ድረስ ጋለች። ጣቶቿ ከሐሳቧ ቀደሙ። «ኧረ አላውቃትም። የመንደሩ ሰው ናት» ብላ ላከች።

አላውቃትም ያለቻት ሴት ሁለት ክንድ ርቃ ነበር የተቀመጠችው፤ ትናንት ተኩሳ ያሳደረችውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ ሽበቷን በኮኮናት ዘይት ወደ ኋላ አስተኝታ። ሦስት ቀን ሙሉ ድስት ስታጥብ ንግግሯን ስትለማመድ ኬሌራ ሰምታታለች። አሁን ደግሞ «ስማቸውን ባላውቀውም የማከብራቸው የእንግዳችን አያቶች» ብላ ጀመረች። ጧ፣ ጧ፣ ጧ።

ኬሌራ ማይኩን ዘጋችው።

ላንድ አፍታ ብላ ነው። ሰላምታው እስኪያልቅ ብቻ፤ ጉዳዩ ሲመጣ ትከፍተዋለች። ማን ያውቅባታል?

«ናቱቫላ?» አለች ማዳም ራንጂታ በማዳመጫው። «ናቱቫላ፣ ድምፃችሁ ጠፋ። ትሰሙኛላችሁ?» ትንሽ ጠበቀች። «መስመሩ ሳይቋረጥ አልቀረም። ያሳዝናል። በሉ ወደሚቀጥለው መንደር እንለፍ።»

የኬሌራ ጣት ቁልፉ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ መጫን ነው፤ ሌላ ምንም የለውም። በዚያው ቅጽበት ሜሬዋይ «ተመስገን፣ ተገላገልን!» ብላ ጻፈች። ጣቷ ባለበት ቀረ።

ቡቡ ግን ይሄኔ ወደ ጉዳይዋ ገባች። «ያቺን በካርታው ላይ ያለችውን ቀይ መስመር የልጅ ልጄ አሳይታኛለች» አለች ላፕቶፑን ትክ ብላ እያየች። «ግንቡ የወንዛችንን አፍ ዘግቶ ነው የሚያልፈው። እኛ ሴቶች ሸርጣን ስንለቅም እስከ ጉልበታችን እዚያ ውስጥ ነን፤ ውሃው በየት በየት እንደሚወጣ እግራችን ያውቀዋል። ዝናብ ሲጥል ከተራራው የሚወርደው ሁሉ ወደ ባሕር የሚገባው በዚያች አፍ ነው። ከዘጋችሁት ወደ ኋላ ነው የሚመለስብን። ታች ያሉት ዘጠኙ ቤቶች ከባሕሩ ቢተርፉ ከዝናቡ አይተርፉም። ግንቡን አትሥሩ አላልኩም፤ ሥሩልን። አፏን ብቻ ክፍት ተዉላት።»

ወንዶቹ ወንዟን የሚያውቋት በጀልባ ሲያልፉባት ነው፤ ይህን አስበውት አያውቁም። ሹም ኤሮኒ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ሁሉም አጨበጨበ፤ በር ሥር ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ አጨበጨቡ። የቡቡ ፊት በራ። ኬሌራ ያን ፊት ላለማየት አቀርቅራ የማዳመጫውን ገመድ ትጠቀልል ጀመር።

«በይ እንጂ ተርጉሚላት!» አሉ ሹሙ። «ማዳሟ ምን ትላለች?»

ኬሌራ ድምፅ ማጉያውን ከፈተች። የሌላ መንደር ሰው ስለ ጀልባ ማቆሚያ ሲያወራ ድምፁ አዳራሹን ሞላው።

«ተቋርጦ ነበር» አለች። «አልተሰማም። ኔትወርኩ ነው።»

«ምኑም አልተሰማም?»

«ሰላምታው ብቻ ነው የተሰማው።»

ከበሩ በኩል አክስት ኡናይሲ ብድግ አለች። «አላልኩም! ላይሳኒ ናት! ገና ሳትጀምር ስትደባብሰው አይቻታለሁ። የማይነካ ነገር ነክታ!»

እውነት ነው፤ ቡቡ ከመጀመሯ በፊት የላፕቶፑን ጀርባ እንደ ሕፃን ጭንቅላት ዳበስ አድርጋው ነበር። አሁን ያንን እጇን ገልበጥ አድርጋ አየችው። ኬሌራ «ኧረ እሷ አይደለችም» ማለት ነበረባት። አላለችም።

በማግስቱ መንደሩ በሙሉ የቡቡን እጅ መቀለጃ አደረገው። «ላይሳኒ፣ ራዲዮናችን ጋ እንዳትደርሺብን አደራ!» ይላሉ። «ሱቫ መብራት ጠፋ አሉ፤ ነካሽው እንዴ?» ቡቡ የመጀመሪያውን ቀን አብራ ሳቀች። ሐሙስ ዕለት ግን ሰው በሌለበት በኋላው መንገድ ዞራ ወደ ማንግሮቩ፣ በባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ወደሚበቅለው ጫካ፣ ሄደች።

ሐሙስ ጠዋት የቢሮው ገጽ ላይ የማክሰኞው ስብሰባ ማጠቃለያ ወጣ። ኬሌራ በስልኳ አነበበችው። ስለ ናቱቫላ አንድ መስመር ብቻ ነበር። «ከሴቶች በኩል የቀረበ ተቃውሞ የለም» ይላል። ከሥሩ ደግሞ የመጨረሻው ስብሰባ አርብ በስምንት ሰዓት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ ካርታው ለሥራ ተቋራጩ እንደሚሰጥና እንደማይቀየር ተጽፏል። ታች ካሉት ዘጠኝ ቤቶች አንዱ የእነሱ ቤት ነው፤ ሌላው የአክስት ኡናይሲ። ስልኩን ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከታ ቡቡን ፍለጋ ወጣች።

ቡቡን ጭቃው ውስጥ አጎንብሳ፣ እጇን የማንግሮቭ ሥር ውስጥ እስከ ክርኗ አስገብታ አገኘቻት። ቅርጫቱ ግማሽ ሞልቷል።

«ኬሌራ» አለች ቡቡ ቀና ሳትል።

«አቤት ቡቡ።»

«ያ ዕቃ… ሰበርኩት እንዴ?»

«ኧረ! አልተሰበረም።»

«አይ፣ ሹሙ ደግ ሰው ናቸው፣ ቢሰበርም አይነግሩኝም። ለማዳሟ ንገሪልኝ። አሮጊት ናት፣ አታውቅም በያት፤ ይቅርታ ትጠይቃለች በያት።» አንድ ትልቅ ሸርጣን ጎትታ አወጣችና እግሮቹን በሐረግ አሰረች። «ድሮስ ለእኔ ምን ገዶኝ ነው? እናቴ ነፍሷን ይማርና፣ ምላስሽ ረጅም ነው፣ አንድ ቀን ያዋርድሻል ትለኝ ነበር።»

አሁን ተናገሪ፣ አለች ኬሌራ በሆዷ። አሁን! ቃሉ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ።

«ቡቡ፣ እኔ…»

«ምን አንቺ?»

«እኔ… ቅርጫቱን እኔ ልያዝልሽ።»

ቤት እስኪደርሱ ድረስ ራሷን ስትረግም ሄደች። ፈሪ! ውሸታም! አላውቃትም ያለቻት ሴት ከፊቷ እያዘገመች፣ ዞር ብላ «ከበደሽ?» ትላታለች።

ከሰዓት በኋላ ግን መላ መጣላት። ቡቡ ማክሰኞ የተናገረችውን አንድም ሳታስቀር በእንግሊዝኛ ጻፈችው፤ አንድ ገጽ ሞላ። አርብ ዕለት «የመንደራችን ሴቶች እንዲህ ይላሉ» ብላ ታነበዋለች። የወንዟ አፍ ይተርፋል፣ ቤቶቹ ይተርፋሉ፣ ማይኩን ማን እንደዘጋው የሚጠይቅ አይኖርም። ማንም አይጎዳም። ወረቀቱን አጣጥፋ ስታስቀምጥ ከሁለት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደህና ተነፈሰች።

አርብ በስምንት ሰዓት አዳራሹ ሞላ። «ዛሬ ማሽኑን ከኬሌራ በስተቀር ማንም እንዳይነካ!» ሲሉ ሹም ኤሮኒ አስጠነቀቁ፤ ሰው ሁሉ ወደ ቡቡ ዞሮ ሳቀ። ቡቡ ከአክስት ኡናይሲ ጀርባ፣ ከሁሉም ሴቶች ኋላ ነበር የተቀመጠችው። ሁለቱንም እጆቿን ጉልበቷ ሥር ደብቃለች። ስክሪኑ ላይ የሰማንያ ምናምን ሰው ስም ተደርድሯል፤ ሜሬዋይም አለች።

የናቱቫላ ተራ ሲደርስ ኬሌራ ወረቀቷን አወጣች። ስለ ወንዟ አፍ አነበበች፣ ከተራራው ስለሚወርደው ውሃ፣ ስለ ዘጠኙ ቤቶች አነበበች። ማዳም ራንጂታ እየሰማች መጻፍ ጀመረች፤ ቆም ብላም ካርታውን አየች።

«ይሄ በጣም ትልቅ ነገር ነው» አለች። «መሐንዲሶቻችን የለኩት በበጋ ነበር። ካርታውን ይዤ እንደገና አነጋግራቸዋለሁ። ማን ብዬ ልመዝግበው? ሐሳቡ የማን ነው?»

«የ…» አለች ኬሌራ። «የናቱቫላ ሴቶች።»

ሹም ኤሮኒ በድምፅ ማጉያው የመጣው እንግሊዝኛ በከፊል ገብቷቸው ፊታቸው ፈካ። «ይኸው! ጎበዝ!» አሉ ወደ ሰዉ ዞረው። «የተማረች ልጅ እያለችን ማክሰኞ በከንቱ ደከምን። ላይሳኒ ባትነካካው ኖሮ ያኔ ባለቀ ነበር! በሉ ከዛሬ ጀምሮ በማሽን የሚናገር የተማረ ብቻ ነው። ሴቶቹ እንደ ድሯቸው በር ሥር ሆነው ይስሙ።»

ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ኬሌራ ሳታስበው ወደ ኋላ አየች። ቡቡ ላይሳኒ ራሷን እየነቀነቀች ነበር። «እውነታቸውን ነው» ትላለች ለጎረቤቷ፤ «እውነታቸውን ነው፣ ለእኔ ዓይነቷ አይሆንም።»

ብትቆጣ፣ ብታለቅስ ኬሌራ በቻለችው ነበር። ያን ራስ መነቅነቅ ግን አልቻለችም። ማይኩን እንደገና ከፈተችው።

«ማዳም፣ ይቅርታ። ያላልኩት አለ» አለች በእንግሊዝኛ። «ማክሰኞ መስመሩ አልተቋረጠም። ማይኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ ነው። ሐሳቡም የአንድ ሰው ነው፤ የአያቴ የላይሳኒ።»

አዳራሹ ውስጥ ያሉት ምን እንዳለች በቅጡ አልገባቸውም። እዚህ ላይ ብታቆም ማንም አያስገድዳትም። ዞረችና በራሳቸው ቋንቋ ደገመችው፤ ይሄኛው ከመጀመሪያው አሥር እጥፍ ከበዳት።

«ቡቡ ምንም አልሰበረችም። እኔ ነኝ የዘጋሁባት። ያን ሁሉ ስትናገር ማሽኑ አይሰማም ነበር፤ እያወቅሁ ዝም አልኩ። የትምህርት ቤት ልጆች ሲስቁባት አፈርኩባት።» እንባዋ መጣ፣ በክንዷ ጠረገችው። «አላውቃትም ብዬ ጻፍኩ። አያቴን፣ አላውቃትም አልኩ።»

«ውይ በሞትኩት!» አለች አክስት ኡናይሲ። በስክሪኑ በስተቀኝ መልእክቱ ቀጥ አለ፤ አንድም የሳቅ ፊት አልመጣም። ሜሬዋይም ምንም አልጻፈች።

ማዳም ራንጂታ ጉሮሮዋን ጠራረገች። «አያትሽ እዚያ አሉ?»

«አሉ።»

«እሳቸው ፈቃዳቸው ከሆነ ከራሳቸው አንደበት ብሰማ ደስ ይለኛል። በስማቸው እንዲመዘገብ። ጊዜ አለን።»

ኬሌራ ተረጎመችው። ቡቡ እጆቿን ከጉልበቷ ሥር አውጥታ ተነሣች። በሽማግሌዎቹ መሃል ወገቧን አጥፋ፣ እግሯን እየጎተተች አለፈችና ላፕቶፑ ፊት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ኬሌራን አላየቻትም። ኬሌራ ቦታውን ልትለቅ ብድግ ስትል ግን «ተቀመጪ» አለቻት፤ ድምፅዋ ቀዝቃዛ ነው። «ማን ሊተረጉምልኝ ነው?»

ኬሌራ ተቀመጠች።

«ይቺ ልጅ የምለውን ሁሉ ትናገር» አለች ቡቡ ወደ ስክሪኑ። «አንዲት ቃል አትዝለል።»

ኬሌራ ይህንኑ ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው። ማዳም ራንጂታ እሺ አለች።

«የልጄ ልጅ ናት። በእነዚህ እጆቼ ነው ያሳደግኋት። ማክሰኞ ዕለት በሰው ፊት አዋርዳኛለች።»

ማይኩ ክፍት ነው። እነዚያ ሰማንያ ምናምን ስሞች ይጠብቃሉ። ከእነሱ አንዱም የናቱቫላን ቋንቋ አይሰማም፤ «ትንሽ ችግር ነበር ትላለች» ብትል ማንም አያውቅባትም፣ ቡቡ ራሷ እንኳ አታውቅባትም።

«የልጄ ልጅ ናት ትላለች አያቴ» አለች። ድምፅዋ ተሰባበረ፤ ቆም ብላ እንደገና ጀመረች። «የልጄ ልጅ ናት። በእነዚህ እጆቼ ነው ያሳደግኋት። ማክሰኞ ዕለት በሰው ፊት አዋርዳኛለች።»

ቡቡ ልጅቷ ተናግራ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር አለፈች፤ ኬሌራም ተከተለቻት።